ስለ አጭር ውልና ስለ ረጅም ዐደራ

ሰው በዚህ ዓለም የሚሠራው ሥራ ብዙ ዐይነት ቢሆንም፥ ጠቅልሎ ለተመለከተው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው መጨረሻ ያለው ሥራ ነው፤ ሁለተኛው መጨረሻ የሌለው ሥራ ነው። ቤት መሥራት መጨረሻ አለው፤ ጣራው ከተመታና በሩ ከተገጠመ በኋላ አናጢው ዋጋውን ተቀብሎ ባለቤቱን መርቆ ይሄዳል። በዚያ ቤት ውስጥ እሳቱ እንዳይጠፋ መጠበቅ ግን መጨረሻ የለውም፤ ዛሬ የተዳፈነው ፍም ነገ የሚቆሰቁሰው ካላገኘ ዐመድ ሆኖ ይገኛል። አባቶቻችን «ካለ ባለቤቱ አይነድም እሳቱ» ያሉት ይህን ሁለተኛውን ሥራ አስበው ይመስለኛል።

ይህን ስል ከሁለቱ ሥራዎች አንዱ ከሌላው ይበልጣል ማለቴ አይደለም። አናጢ ባይኖር እሳት የሚነድበት ቤት ባልኖረ ነበር። ጥፋት የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ፥ ይኸውም መጨረሻ የሌለውን ሥራ መጨረሻ ባለው ውል የሰጠን እንደ ሆነ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለዚሁ ነገር ጥቂት ልናገር እወዳለሁ። ምሳሌዬም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮቻቸውን ለሚጠግንና ለሚጠብቅ ባለሙያ የሚሰጡት የሦስት ወርና የስድስት ወር ኮንትራት ነው።

አንባቢዬ ምናልባት «ይህ የባለሙያዎችና የግዢ ክፍል ጉዳይ ነው፤ ከግብረ ገብ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ዐደራ ባለበት ሁሉ ግብረ ገብ አለ፤ በኮምፒዩተር ውስጥ ያለውም ዐደራ ቀላል አይደለም።

በቀድሞ ዘመን ባለጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤት ሄዶ ጉዳዩ ሲጓተትበት የሚሰማው ቃል «መዝገቡ ጠፍቷል» ወይም «ሹሙ አልገቡም» የሚል ነበር። ዛሬ በሐዋሳም ሆነ በሌላው ከተማ የሚሰማው ቃል «ሲስተም የለም» የሚል ሆኗል። ቃሏ አጭር ናት፤ ለሚናገራትም አትከብድም። ከሁላ ወይም ከአርቤጎና ደጋ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፥ የመኪና ተከፍሎ፥ የቀን ሥራውን ጥሎ ለመጣ ሰው ግን ከባድ ፍርድ ናት። ከዚህ ቀደም መዝገቡ ጠፋ ሲባል ቢያንስ የሚፈለግ መዝገብ ነበር፤ የሚጠየቅ ሰውም ነበር። ሲስተም የለም ሲባል ግን ባለጉዳዩ ማንን ይጠይቅ? ጠፋ የተባለውስ ነገር ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር በአገራችን መሥሪያ ቤቶች በመጀመሪያ የገባው እንደ ተሻለ የጽሕፈት መኪና ሆኖ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የመዝገብ ቤቱን ሥራ ጠቅልሎ ያዘ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚያገናኘው ወረዳኔት ተዘረጋ። የመንግሥት በጀትና ሂሳብም አይቤክስ በተባለው፥ በኋላም ኢፍሚስ በተባለው ሥርዓት መሠራት ጀመረ። በ2012 ዓ.ም. መንግሥት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ አጸደቀ፤ በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ወጣ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ የሚነቅፈውም ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን የሰው መሬት፥ የሰው ደመወዝ፥ የሰው የአገልግሎት ዘመን በአንድ ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ፥ የሳጥኑ ጠባቂ የዕቃ ጠጋኝ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። እርሱ የሕዝብ መዝገብ ያዥ ነው።

የዚህን ጠባቂ ሥራ ያላወቀ ሰው የተበላሸ ፕሪንተር የሚያስተካክል ብቻ አድርጎ ይገምተዋል። ዋናው ሥራው ግን ማንም የማያየው ነው። መዝገቡ በየቀኑ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲገለበጥ ያደርጋል፤ የተገለበጠውም በእውነት የሚከፈት መሆኑን ይፈትሻል፤ ቫይረስ እንዳይገባ ይጠብቃል፤ ማን ምን ማየት እንደሚገባው ለይቶ የይለፍ ቃል ይሰጣል፤ ከሥራ የወጣውንም ሰው ፈቃድ ይዘጋል። ይህ ሥራ ሲሠራ አይታይም፤ የሚታየው ሳይሠራ የቀረ ዕለት ነው። ስለዚህም ማመስገኑ ይረሳል፤ በጀት ሲቀነስም አስቀድሞ የሚነካው እርሱ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው እንዴት ይቀጠራል? ብዙ ጊዜ ቋሚው መደብ ክፍት ሆኖ ይኖራል፤ የመንግሥት የደመወዝ ስኬል ለዚህ ሙያ ገበያው ከሚከፍለው ያነሰ ስለ ሆነ፥ የመጣውም አይቆይም። መሥሪያ ቤቱም ሲቸግረው ወደ ኮንትራት ይሄዳል። ከሦስት ድርጅቶች ፕሮፎርማ ይሰበሰብና ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ውሉም የሦስት ወር ወይም የስድስት ወር ይሆናል፤ የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን የሚያልቅ ስለ ሆነ ከዚያ ወዲያ የሚሻገር ውል መፈረም ያስፈራል። አንዳንድ ጊዜም የውሉ ጊዜ የሚያጥረው ጠቅላላ ዋጋው አንሶ ከግልጽ ጨረታ እንዲያመልጥ ነው። ይህ ግን የግዢ ሕጉ የሚከለክለው መከፋፈል ነው፤ ስሙን ብናሳምረው ግብሩ አይለወጥም።

እነዚህን ምክንያቶች ስዘረዝር አብዛኞቹ የክፋት እንዳልሆኑ አንባቢዬ ይመለከታል። የግዢ ሠራተኛው ኦዲተሩን ይፈራል፤ የፋይናንስ ኃላፊው የበጀቱን ጣሪያ ያያል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሹም የዛሬውን ችግር ማሳለፍ ይሻል። እያንዳንዱ በየፊናው ጥንቁቅ ነው። ነገር ግን የሁሉ ጥንቃቄ ተደምሮ አንድ ትልቅ ግዴለሽነት ይሆናል። ሰኔ 30 ለበጀት መጨረሻ ነው፤ ለቫይረስና ለመብራት መቋረጥ ግን መጨረሻ አይደለም።

እኔ ባገለገልሁበት፥ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የሆነውን ልናገር። በዚያ ቤት አንድ ወጣት ባለሙያ ሁለት ጊዜ የስድስት የስድስት ወር ኮንትራት ይዞ ሠርቶ ነበር። ትሑትና ብርቱ ልጅ ነው፤ ከእኔ ዘንድ ያለውን የሠራተኞች ማኅደር ወደ ኮምፒዩተር ያስገባው እርሱ ነው። ውሉ ሰኔ 30 ቀን ሲያልቅ «አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ጠብቅ» ተባለ። የጠበቀውን ያህል ጠብቆ፥ የቤት ኪራይ የማይጠብቅ ስለ ሆነ፥ ወደ አዳማ ሄዶ በግል ድርጅት ተቀጠረ። ከዚያ በኋላ በሐምሌ አጋማሽ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ተነሥቶ የይለፍ ቃል ጠየቀ። ቃሉን የሚያውቅ በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ጡረታ የወጡ አንድ ዘበኛ የአገልግሎት ማስረጃቸውን ሊወስዱ መጡ። ሠላሳ ዓመት በዚያ በር ላይ የቆሙ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ቀን «ሲስተም የለም፥ ሰኞ ይምጡ» ተባሉ፤ ሰኞም፥ ከዚያም በኋላ ባለው ሳምንት እንዲሁ ተባሉ። በአራተኛው ጊዜ ከእኔ ዘንድ መጥተው ዱላቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፥ እኔ በዚህ በር ላይ ስቆም ሳልገኝ የቀረሁበት ሌሊት የለም። አሁን ግን መኪናው የለህም አለኝ።» የምመልስላቸው ቃል አላገኘሁም። እርሳቸው ሠላሳ ዓመት በሩን ሲጠብቁ ኖሩ፤ የእርሳቸውን ስም የሚጠብቅ ግን የተቀጠረው ለስድስት ወር ነበር።

በመጨረሻ የወጣቱን ስልክ ፈልገን ደወልንለት። «ጋሼ፥ ከመሄዴ በፊት ቃሉን በወረቀት ጽፌ ላስረክብ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነበር። ማን ይቀበልህ፥ ውልህ ላይ ርክክብ የሚል የለም ተባልሁ» አለኝ። ወዲያውም ቃሉን ፊደል በፊደል አስጻፈኝ፤ የተገለበጠው መዝገብ ያለበትም ዲስክ በየትኛው ቁም ሣጥን እንዳለ ነገረኝ። የሰኔ ወር ዋጋው ገና ያልተከፈለው መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ እርሱ አላነሣውም። አዛውንቱም ማስረጃቸውን በመስከረም አገኙ።

በዚህ ነገር ማንን እንውቀስ? በአማርኛችን ለጊዜው የተቀጠረ፥ ለዋጋው ብቻ የሚሠራ ሰው ምንደኛ ይባላል፤ ምንደኛ እረኛ ተኩላ ሲመጣ በጎቹን ጥሎ ይሸሻል ይባላል። ይህ ወጣት ግን ሳይከፈለው ከሩቅ ሆኖ በጎቹን ጠበቀ። ውሉ ምንደኛ ሊያደርገው ፈለገ፤ እርሱ ግን እንቢ አለ። ይሁን እንጂ ሕዝብ የሚተዳደርበት ሥራ በአንድ ልጅ ጨዋነት ላይ ብቻ ሊንጠለጠል አይገባም። ቢከፋበትና ስልኩን ባያነሣ ኖሮስ? ወይም ስልኩ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮስ?

ይህን ነገር ገበሬ ከሁላችንም አስቀድሞ ያውቀዋል። መሬት ለአንድ ዓመት ኮንትራት የያዘ አራሽ ፍግ አይጥልበትም፤ እርከንም አይሠራበትም፤ ፍሬውን ሌላ ሰው እንደሚበላው ያውቃልና። ይህ ክፋት አይደለም፤ የውሉ ጠባይ ነው። በሲዳማ ምድር ደግሞ እንሰት ተክሎ ቆጮ ለመብላት ብዙ ዓመት መጠበቅ፥ ተክሉንም ከስፍራ ወደ ስፍራ እያዛወሩ መንከባከብ ያስፈልጋል። ሦስት ወር ብቻ በዚያ ጓሮ ለሚቆይ ሰው «እንሰት ትከል» ብሎ ማዘዝ በሰውየውም በተክሉም ማላገጥ ነው።

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በአሞራ ገደል ቆሞ የተመለከተም ሰው ይህንኑ ይማራል። አሣ አጥማጁ ጧት ቆሮሶውን አውርዶ ከሸጠ በኋላ መረቡን ዘርግቶ የተበጠሰውን ዐይን አንድ በአንድ ይቋጥራል። መረቡን የሚጠግነው ሲቀደድ ብቻ ሰው ጠርቶ አይደለም፤ ነገም ሐይቁ ላይ እንደሚወጣ ስለሚያውቅ ነው።

ሕጋችንም ቢሆን ይህን ልዩነት ሳይመለከት አልቀረም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይቆጥራል፤ ለተወሰነ ጊዜ መዋዋል የሚቻለው በተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው። እነርሱም ተለይቶ የታወቀ ሥራ፥ በፈቃድ ወይም በሕመም የሌለን ሠራተኛ መተካት፥ ድንገተኛ የሥራ ብዛት፥ ወቅታዊ ሥራና ይህን የመሳሰሉት ናቸው። በድንገት ለዘለቄታው የተለቀቀን መደብ በጊዜያዊነት ለመሸፈን የሚደረገውም ውል ከ45 ቀን አይበልጥም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ የሚተዳደሩ ቢሆንም፥ የሐሳቡ ሚዛን ለሁሉ ያገለግላል፤ የውሉ ዕድሜ የሥራውን ዕድሜ ይምሰል የሚል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከቁጥር 3131 ጀምሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስለሚያደርጉት ውል ለብቻው ደንግጓል። የሕዝብ አገልግሎት የሚሸከም ውል እንደ ማንኛውም የገበያ ውል እንዳልሆነ ሕግ አውጭው ያን ጊዜ ተገንዝቦታል።

ጠባቂ ለአፍታ ቢሳሳት ምን እንደሚከተል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተደረገ የማሻሻያ ሥራ ምክንያት ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገለጸ፤ የወጣው ገንዘብም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ይህ የሆነው በአጭር ውል ምክንያት ነው አልልም፤ ነገር ግን በአንዲት ሌሊት ይህን ያህል ሊሆን የሚችል ከሆነ፥ ጠባቂ የሌለበት የሐምሌና የነሐሴ ወር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

ሀብታም አገርም ከዚህ ነገር አልዳነም። የካናዳ መንግሥት የሠራተኞቹን ደመወዝ በአዲስ የኮምፒዩተር ሥርዓት ለመክፈል አስቦ፥ ፊኒክስ የተባለውን ሥርዓት በ2008 ዓ.ም. ሥራ ላይ አዋለ። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ግን በየመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን አሠራር ጠንቅቀው የሚያውቁ ከ1,000 የሚበልጡ ሠራተኞች አስቀድመው ከቦታቸው ተነሥተው ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ወይ አነሰባቸው፥ ወይ በዛባቸው፥ ወይ ጭራሹን ሳይከፈላቸው ቀረ። የአገሩ ዋና ኦዲተርም በ2010 ዓ.ም. ነገሩን ሊገባ የማይችል ውድቀት ነው ብሎታል። አዲሱ መኪና የአሮጌዎቹን ሰዎች ዕውቀት ይዞ አልመጣም፤ የሰዎቹም ዕውቀት በደመወዝ መዝገቡ ላይ በዋጋ ተጽፎ አልተገኘም። የተቆጠበው ገንዘብ ታየ፤ የጠፋው ዕውቀት ግን እስኪጎድል ድረስ አልታየም።

አሁን የሚቃወመኝን ሰው ልስማ። «ቋሚ ሠራተኛስ ቢሆን መች ይጠብቃል? ደመወዙ እንደማይቋረጥ ዐውቆ ይተኛል፤ ኮንትራት ግን ሰውን ያነቃል» ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር ከንቱ አይደለም፤ በቋሚ መደብ ላይ የተኛ ሰው አላየሁም ብል ውሸት ይሆናል። ነገር ግን እኔ የምለው ሁሉ ሰው ለዘላለም ይቀጠር አይደለም። ገመድ ለመዘርጋት፥ አዲስ ሰርቨር ለመትከል፥ ሠራተኛ ለማሠልጠን የሦስት ወር ኮንትራት ተገቢ ነው፤ ሥራው መጨረሻ አለውና። ለመጠበቁ ሥራ ደግሞ ኮንትራት የግድ ከሆነ ቁም ነገሩ የሰውየው መቆየት ሳይሆን የዐደራው መቆየት ነው። ሰው ይሄዳል፤ ይሞታልም፤ ሹመቱም ያልፋል። ዐደራው ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መሬት መውደቅ የለበትም።

ርክክብ ደግሞ ለሐዋሳ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህች ከተማ ከተቆረቆረች ከ1952 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሲገቡባትና ሲወጡባት አይታለች። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት የሲዳማ ክልል ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ሥልጣን ተረከበ፤ የቀድሞው የደቡብ ክልልም በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በአዳዲስ ክልሎች ሲተካ መሥሪያ ቤቶቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፥ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ። ያን ጊዜ ወንበርና ጠረጴዛ፥ መኪናና መደርደሪያ እየተቆጠረ ሲጫን አይተናል። ወንበር ሲጎድል የሚጠየቅ ሰው አለ። የይለፍ ቃል ሲጎድልስ? በዕቃ ዝርዝሩ ላይ አንድ ወንበር አንድ መስመር ይይዛል፤ የመዝገቡ ቁልፍ ግን መስመር የለውም።

ስለዚህ በቅን ልቡና የማቀርበው ምክር ጥቂት ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆንህ ወንድሜ፥ ኃላፊ የሆንሽም እኅቴ፥ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህ ሥራ መጨረሻ አለው ወይስ የለውም ብላችሁ ጠይቁ። የሌለው ከሆነ ርክክቡን በውሉ ላይ ጻፉት። ቁልፎቹ ሁሉ ታሽገው በመሥሪያ ቤቱ ካዝና ይቀመጡ፤ የተገለበጠው መዝገብ ያለበት ስፍራ ተጽፎ ይያዝ፤ ወጪውና ገቢው ባለሙያ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አብረው ይሥሩ፤ ከቋሚዎቹ ሠራተኞችም አንዱ ከጎኑ ሆኖ ይማር። የመጨረሻው ክፍያም ከርክክቡ ጋር ይያያዝ፤ ግን ርክክቡ በተፈጸመ ዕለት ይከፈል። ዋጋውን ያላገኘ ሰው ቁልፉን ይዞ ቢሄድ አንፈርድለትም፤ ዋጋውን የከለከለው ግን በእርሱ ላይ ለመፍረድ ምን አፍ አለው?

አንተም የኮንትራት ወረቀት ይዘህ ከቢሮ ቢሮ የምትዞረው ወጣት፥ ውልህ አጭር ስለ ሆነ ሥራህን አጭር አታድርገው። የምትሠራውን ጻፈው፤ ከአንተ በኋላ የሚመጣው፥ የማታውቀው ሰው እንዲያነበው አድርገህ ጻፈው። ቁልፉን በእጅህ ይዘህ አስፈላጊ ሰው ለመሆን አትሞክር፤ እንዲህ ያለው አስፈላጊነት የጌታውን ልጅ ደብቆ ፈላጊ እንደሚሆን ሞግዚት ነው። ተቀባይ ብታጣ እንኳ በደብዳቤ አድርገህ በመዝገብ ቤት አስገብተህ ሂድ።

እኛም ባለጉዳዮች «ሲስተም የለም» ሲሉን ራሳችንን ነቅንቀን ዝም ብለን ከመመለስ ይልቅ «ጠባቂው ማን ነው? መቼ ይመለሳል?» ብለን በትሕትና እንጠይቅ። «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። ሰማይ ሩቅ ስለ ሆነ ዐደራ የሚጠበቀው እዚሁ ምድር ላይ፥ በሰው እጅ ነው፤ እጅ ሲለወጥም የተረከበው ሰው ስም ተጽፎ መገኘት አለበት።